«ደም ማቅጠኛ» ሲባል ደሙ በእርግጥ ይቀጥናል?

ቃል ፈላጊ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። እህቴ ነፍሰ ጡር ናት። በመጀመሪያው እርግዝናዋ ግፊት አስቸግሯት ስለነበር ሐኪሟ አሁን አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን አዘዘላት። «ደም ማቅጠኛ ነው» ሲሏት ደነገጠች። «ደሜ ውሃ ሊሆን ነው?» ትለኛለች።

ሆሄ፦ እንኳን ጠየቅሽ እህቴ። ይህ አጠራር ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ደሟ አይቀጥንም። የሚለወጠው የደም አርጊ ሕዋሳት ጠባይ ነው፤ ፕሌትሌት የምንላቸው። «አርጊ» ከ«ረጋ» የወጣ ነው፤ እርጎም የዚያው ዘር ነው።

አርጊ ሕዋሳት ሲነቁ ትሮምቦክሴን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃሉ። እሱ ሌሎቹን አርጊዎች ይጠራል፣ የደም ሥሩንም ያጠባል። የሥሩ ውስጠኛ ሽፋን በበኩሉ ፕሮስታሳይክሊን የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ይህኛው ሥሩን ያሰፋል፣ አርጊዎቹን ያረጋጋል። ልብ በሉ፣ «አረጋ» እና «አረጋጋ» ከአንድ ሥር ወጥተው እዚህ ተቃራኒ ሥራ ይዘዋል! በጤናማ እርግዝና ሁለቱም ይጨምራሉ፤ ፕሮስታሳይክሊኑ ግን ያመዝናል። አስፕሪኑ የሚከላከለው ፕሪኤክላምፕሲያን ነው፤ ከከፍተኛ ደም ግፊት ጋር የሚመጣ የእርግዝና ሕመም ነው። በእሱ ጊዜ ሚዛኑ ወደ ትሮምቦክሴን ያጋድላል።

የወንዙ ልጅ፦ ታዲያ ፕሪኤክላምፕሲያን «የእርግዝና ደም ግፊት» ብንለው አይበቃም?

ሆሄ፦ አይበቃም ወንድሜ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቱ 140/90 ቢደርስም እሱ ብቻውን ፕሪኤክላምፕሲያ አይባልም። ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መገኘት፣ የኩላሊት ወይም የጉበት መታወክ፣ የአርጊ ሕዋሳት ቁጥር መውረድ፣ ከእነዚህ አንዱ ሲጨመርበት ነው። ኤክላምፕሲያ በግሪክ ብልጭታ ማለት ነው፤ እንደ መብረቅ ድንገት ለሚመጣው መንቀጥቀጥ የተሰጠ ስም። «ፕሪ» ደግሞ «በፊት» ነው።

ቃል ፈላጊ፦ አስፕሪኑስ የትኛውን ነው የሚነካው?

ሆሄ፦ ዋናው ነገር እሱ ነው። አርጊ ሕዋስ ኒውክለስ፣ ማለትም ሕዋሱ አዲስ ኢንዛይም የሚሠራበትን መመሪያ የያዘ ማዕከል፣ የለውም። ትሮምቦክሴን የሚሠራበትን ኢንዛይም አስፕሪን አንዴ ካሰረበት፣ ከ7 እስከ 10 ቀን በሚሆነው ዕድሜው ሌላ መተካት አይችልም። የሥሩ ሽፋን ግን ኒውክለስ ስላለው አዲስ ይሠራል። በትንሽ መጠን ሲወሰድ ፕሮስታሳይክሊኑ የሚተርፈው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አስፕር የተባለ ጥናት ለበሽታው በተጋለጡ እናቶች ላይ ሞክሮታል። በቀን 150 ሚሊግራም ሲወስዱ፣ ከ37 ሳምንት በፊት የሚያስወልደው ፕሪኤክላምፕሲያ ከ4.3 ወደ 1.6 በመቶ ወርዷል።

እኔ «አርጊ ማረጋጊያ» ብንለው እመርጣለሁ። እህትሽ ግን ሐኪሟን ሳታማክር እንዳታቋርጠው። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከቀኝ ጎድኗ ሥር ሕመም ከተሰማት ቀጠሮ ሳትጠብቅ ሐኪም ቤት ትሂድ።