ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የልምምድ ገደብ ይውጣ ወይስ አይውጣ? (ክርክር)

የአራት ኪሎዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ አጭር ነው። የሰፈር የታዳጊ እግር ኳስ ፕሮጀክቶች ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በሳምንት ስንት ሰዓት ማሠራት እንደሚችሉ የሚገድብ ደንብ ይውጣ ወይስ አይውጣ? እኔ ይውጣ ባይ ነኝ።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ከኳስ ውጪ ወሬ የላትም። ኳስ ተጫዋቿ ሎዛ አበራ ስዊድንና ማልታ ሄዳ እንደተጫወተች ካወቀች ወዲህማ ብሶባታል። እኔም ስፖርት ሳይንስ መማር የጀመርኩት በእሷ ምክንያት ነው። ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት። ታዲያ ክፍል ውስጥ የምማረውና ሜዳ ላይ የማየው አልገጥም አለኝ። ፕሮጀክቷ በሳምንት ስድስት ቀን ያሠራል። በቀን ሁለት ሰዓት ብትሉት 12 ሰዓት ነው። የትምህርት ቤቱ ቡድን አልተቆጠረም። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ትምህርት የለም ተብሎ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ሰሞኑን ተረከዟን ያማት ጀምሯል። ያገኘችው መልስ "ቻይው፣ ይለቅሻል" ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። ወደ 1,200 የሚጠጉ ታዳጊ ስፖርተኞችን አይቷል። በሳምንት ከዕድሜያቸው ቁጥር በላይ ሰዓት የሚሠሩት ልጆች፣ በመደጋገም ለሚመጣ ከባድ ጉዳት በጣም የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። የ11 ዓመት ልጅ ከ11 ሰዓት አትለፍ እንደማለት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ በዓመት ደግሞ በድምሩ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ከዚያ ስፖርት ማረፍን ይመክራል። እኛ ጋ ይህን የሚጠይቅ ወላጅም፣ የሚጠይቅ ኮችም አላየሁም።

የሜዳው ኮች፦
እህቴ፣ ትምህርትሽን አከብራለሁ። ግን ደንቡ ለየትኛው ልጅ ነው የሚወጣው? እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚማሩት ግቢ በሌለው ቪላ ውስጥ ነው። ሰውነት ማጎልመሻ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው። ፈተና ሲቃረብ እሱም ለሒሳብ ይሰጣል። ቤት ሲገቡ አስጠኚ ይጠብቃቸዋል። ከዚያ ስልክ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። እስቲ የአራዳንና የቂርቆስን ልጆች እያቸው፤ ስንቱ ያን ያሟላል? የከተማችን ልጅ ችግሩ ብዙ መሥራት ሳይሆን ጭራሽ አለመንቀሳቀስ ነው።

ሜዳውስ? በ2012 በኮሮና ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ጃን ሜዳ ሲገባ ልጆቹን ይዤ አስፋልት ለአስፋልት ነው የዞርኩት። ለ2013 ጥምቀት እስኪጸዳ ድረስ ያ ሁሉ ወር አለፈ። ሜዳ ያገኘሁ ቀን አሠራለሁ፤ ያጣሁ ቀን ዕረፍት ነው። ደመወዝ የለኝም። ሰዓት ቆጥሮ የሚቀጣኝ ደንብ ከመጣ ፊሽካዬን ሰቅዬ ቤቴ እገባለሁ። ያኔ የሚጎዳው ልጁ ነው።

የፒያሳ አባት፦
እኔ ከኮቹ ጋር ነኝ። ልጅን በሳምንት አምስት ቀን ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ አስጠኚ ሲያስቀምጡት ማንም ገደብ ይውጣ አይልም። ኳስ ሲሆን ለምን? ልጄ ተሰጥኦ አለው። ተሰጥኦ ካልተሠራበት ደግሞ ይባክናል። ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ገና 18 ዓመቷ ነበር። በ18 ዓመቱ ዓለምን የሚያሸንፍ ሰው በ12 ዓመቱ ቁጭ ብሎ ነበር?

የልደታዋ ሯጭ፦
ወንድሜ፣ እኔ ያደግኩት አርሲ ነው። ክለብም ሮጫለሁ። በ12 ዓመታችን ቁጭ አላልንም፤ እውነትህን ነው። የምንሮጠው ግን ወደ ትምህርት ቤት ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ እየሄደ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። ግራ እጁን አጠፍ አድርጎ የሚሮጠው ደብተር ይይዝበት ስለነበር ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ጥናት የብሔራዊ ቡድን አትሌቶቻችንን ጠይቆ ነበር። የረጅም ርቀት ሯጮቹ ከሌላው ሰው ይልቅ ሩቅ መንገድ ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ የተመላለሱ ሆነው ተገኙ።

ግን ያን ሩጫ ማንም ሰዓት አልያዘበትም። ሲደክመን እንቆማለን። ወንዝ ስናገኝ እንገባለን። የቀደመን ልጅ ቢኖር ማንም አይሰድበንም። ኮች ያገኘነው ቆይተን ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ወርቅ ሲያጠልቅ 36 ዓመቱ ነበር። እኔ ያየሁት ደግሞ ይህ ነው፦ በ14 ዓመታቸው ሁሉንም ይቀድሙ ከነበሩት የሰፈሬ ልጆች ብዙዎቹ 20 ዓመት ሳይሞላቸው ሩጫ በቃን አሉ። እግራቸው ብቻ ሳይሆን ልባቸውም ደክሞ ነበር።

የሜዳው ኮች፦
እህቴ፣ ያልሽው እኮ የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። በቀን 20 ኪሎ ሜትር! በሳምንት አምስት ቀን! ይህ ገደብ ያኔ ቢኖር ኃይሌን ራሱ ይከለክለው ነበር። የገጠር ልጅ በእግሩ ያገኘውን የአዲስ አበባ ልጅ ከየት ያምጣው? ታክሲ ያደርሰዋል፣ ታክሲ ይመልሰዋል። እኔ ነኝ የምተካለት።

ፊዚዮዋ፦
ኮች፣ እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። አፈር ላይ በራስ ፍጥነት መሮጥና ደረቅ ሜዳ ላይ በታኬታ እየፈጠኑ፣ እየቆሙ፣ እየዞሩ ሁለት ሰዓት መሥራት ለአጥንት አንድ አይደለም። በዚያ ላይ የገጠሩ ልጅ ከትንሽነቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ ነው የለመደው። ያንተ ሰልጣኝ ከሶፋ ተነስቶ ነው ስድስት ቀን የሚገባው።

ስለ ተረከዙ ልናገር፣ ምክንያቱም ይህ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። የልጅ አጥንት ጫፉ ላይ ገና የሚያድግ ለስላሳ ቦታ አለው። ተረከዝ ላይ ያለውን ቦታ የባት ጅማት ይጎትተዋል። ልጁ በፍጥነት በሚያድግበት ጊዜ አጥንቱ ይረዝማል፣ ጡንቻው ግን ወዲያው አይከተለውም። ስለዚህ ጉተታው ይበረታል። ከ8 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ተረከዛቸውን የሚያማቸው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሴቨርስ ይባላል። ከጉልበት በታች ያለው እብጠት ደግሞ ኦስጉድ ሽላተር ነው፤ እሱም የዚህ ዘመድ ነው። ሁለቱም ልምምድ ሲቀነስ ይሻላቸዋል፤ እድገቱ ሲያበቃ ሕመማቸው ብዙ ጊዜ ይጠፋል። "ቻይው" ከተባለች ግን ሕመሙ ለወራት ይጎተታል። ማነከስ ከጀመረች፣ ካበጠ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳት ሐኪም ይያት። እባካችሁ የሚያድግ አጥንትን በኃይል አታሳሹ። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ ይህ ግን በእሽት የሚመለስ ነገር አይደለም።

ሴቶች በአማካይ 12 ዓመት አካባቢ፣ ወንዶች 14 አካባቢ ነው በፍጥነት የሚረዝሙት። ቁመቷን በየሁለት ሦስት ወሩ ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጊ። ድንገት ከጨመረች ልምምዷ የሚቀንስበት ጊዜ እሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች ላይ የእጅ አንጓን በኤም አር አይ የሚያየው ይህንኑ የማደጊያ ቦታ ለማየት ነው። ሙሉ በሙሉ አጥንት ሆኖ ከተዘጋ ተጫዋቹ ከ17 ዓመት በላይ ነው ብለው ይወስዳሉ። በሰፈር ፕሮጀክት ግን ማንም አያይም። ዕድሜ የተቀነሰለት የ14 ዓመት ልጅ ከእውነተኛ የ11 ዓመት ልጅ ጋር ይጋጫል። ገደቡ ከሰዓት በፊት ከዚህ ይጀምር እላለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ለእናቲቱ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከትምህርትሽ ያገኘሽውን በልጅሽ ላይ ትሞክሪዋለሽ?

የአራት ኪሎዋ እናት፦
ጋሼ፣ አዎ። ልምምድ ካለቀ በኋላ "ከ1 እስከ 10 ምን ያህል ከበደሽ?" ብዬ እጠይቃታለሁ። መልሷን በደቂቃው አባዛለሁ። የሰጠችኝ 7 ከሆነና 90 ደቂቃ ከሠራች 630 ይሆናል። የሳምንቱን እደምረዋለሁ። ካለፈው ሳምንት በጣም ከዘለለ አንድ ቀን አስቀራታለሁ። አትሌቶች ላይ የሚሠራበት ቀላል መንገድ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
መንገዱን አልነቅፍም። ግን ልጅ እናቱ መስማት የምትፈልገውን ቁጥር ቶሎ ይለምዳል። 8 ስትልሽ ነገ እንደምታስቀሪያት ካወቀች 5 ትልሻለች። ያኔ ሕመሟንም ትደብቅሻለች። ሜዳ ላይ ኮች አላት። ስትመለሱ ታክሲ ውስጥ ስለ ልምምዱ አታንሺባት። እሷ ስታነሳው ብቻ ስሚያት። ብዙ ጎበዝ ልጆች ሜዳውን ሲተዉ አይቻለሁ፤ የተዉት ልምምዱ ከብዷቸው ብቻ አይደለም፤ ቤት ገብተውም ስላላረፉ ነው።

ፊዚዮዋ፦
ጋሼ ያሉት በተለይ ለሴቶች ልጆች እውነት ነው። 12 እና 13 ዓመት ላይ የወር አበባ ይመጣል፣ ሰውነት ይለወጣል። ብዙዎቹ ምክንያቱን ሳይናገሩ ከሜዳ ይቀራሉ። ያን ጊዜ የሚይዛቸው ደፍረው የሚያናግሩት ሰው ሲኖር ነው።

የአራት ኪሎዋ እናት፦
ጋሼ፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ። የታክሲውን ወሬ እተዋለሁ። ቁጥሩን ግን አልተውም። ከእንግዲህ ደብተሩ የእሷ ይሁን፤ ራሷ ትጻፍ፣ ራሷ ትደምር። ኮቿ ፊት ቀርቤ መናገር የቻልኩት ያ ቁጥር ስለነበረኝ ነው። "ልጄ ደክሟታል" ብል እናት ስለሆንሽ ነው እባላለሁ። ወረቀት ሳሳይ ግን ቢያንስ ቆሞ ያየዋል።

ለኮቹ ልመለስ። አለመንቀሳቀስ የባሰ ችግር ነው ላልከው፣ ትክክል ነህ። ግን የማይንቀሳቀሰው ልጅና ከልክ በላይ የሚሠራው ልጅ አንድ ልጅ አይደሉም። ያንተ ስድስት ቀን ስልክ ላይ የተኛውን ልጅ አያስነሳውም። እሱ ጭራሽ አንተ ጋ አልመጣም። የሚጨመርበት ያው የሚሮጠው ልጅ ነው።

ጨዋታም አለ። ያ የ2015 ጥናት በሰው መሪነት የሚሠራ ስፖርት ከነጻ ጨዋታ በእጥፍ ሲበልጥም ጉዳት እንደሚጨምር አሳይቷል። ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ፔፕሲ፣ ይሄ ሁሉ ነጻ ጨዋታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይኑር ሲል ዝላይንም ይጨምራል። ምሽት ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ባለው ሰፊ የእግር መንገድ ልጆች ሲሯሯጡ ሳይ ደስ ይለኛል። ይህም ስፖርት ነው። ማሊያ ስላልለበሱ አይቀንስም።

የፒያሳ አባት፦
ይሁንና አንድ ነገር መልሽልኝ። የእኛ ፕሮጀክት አራት ቀን ቢያሠራና ጎረቤት ሰፈር ያለው ሰባት ቀን ቢያሠራ፣ ዋንጫውን ማን ይወስዳል? መልማይ ሲመጣ ማንን ያያል?

የሜዳው ኮች፦
ይህ ነው የእኔም ጭንቀት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዳንድ ሳምንት ልጆቹ እንደደከሙ አያለሁ። ግን እሑድ ግጥሚያ አለ። ከተሸነፍን በሚቀጥለው ሳምንት ወላጅ ልጁን ወስዶ ለሌላ ፕሮጀክት ይሰጣል።

የአራት ኪሎዋ እናት፦
ለዚህ እኮ ነው ደንብ የምለው! ኮች፣ አንተ ብቻህን ብታሳርፍ ትቀጣለህ። ሁሉም ካሳረፈ ግን ማንም አይቀጣም። ስለዚህ ቅጣቱ አንተ ላይ አይሁን። በክፍለ ከተማ ደረጃ የታዳጊ ውድድር ሲዘጋጅ ምዝገባው ላይ ይታሰር። ከ12 ዓመት በታች ያለ ቡድን ሁሉ ለልጆቹ በሳምንት ሁለት ሙሉ ቀን ዕረፍት ይስጥ፣ ሰዓቱ ከልጁ ዕድሜ አይለፍ፣ ያመመው ልጅ ሳይሻለው አይሰለፍ፣ ዕድሜ በልደት ምስክር ወረቀት ይረጋገጥ። በክረምት አንድ ወር ኳስ ቀርቶ ሌላ ጨዋታ ይሁን። ወላጅም ይፈርም፤ ምክንያቱም ግፊቱ ግማሹ ከእኛ ነው የሚመጣው።

የልደታዋ ሯጭ፦
አንድ ጨምሪበት። ጠዋት 12 ሰዓት በባዶ ሆዱ የሚያሠራ አይኑር። ቢያንስ በሶ ጠጥቶ ይምጣ። እንቅልፍም አለ፤ የዚህ ዕድሜ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ማታ እስከ አራት ሰዓት ጥናት ላይ ቆይቶ ንጋት ላይ ሜዳ የሚደርስ ልጅ መቼ ያድጋል?

የሜዳው ኮች፦
ለሁሉም ፕሮጀክት እኩል ከሆነ እፈርማለሁ። በሁለት ነገር ግን አልስማማም። ሁለት ቀን ዕረፍት የሚለው አንድ ይሁን፤ ሜዳ የማጣበት ሳምንት አለና ሁለት ተብሎ ከተጻፈ ልጆቹን ጨርሶ የማላያቸው ጊዜ ይመጣል። ደግሞ ደንቡ ላይ ሜዳም ይጻፍ። ልጅን አሳርፉ የሚል አካል ልጁ የሚጫወትበትን ቦታም ይስጥ።

የፒያሳ አባት፦
እኔ ገና አልፈርምም። የልጄን ዕድሜ ለማረጋገጥ ችግር የለብኝም፤ ሰዓቱን ግን ሌላ ሰው እንዲወስንልኝ አልፈልግም። ፊዚዮዋ ያለችውን የቁመት ነገር ከዛሬ ጀምሮ እሞክራለሁ።

የአራት ኪሎዋ እናት፦
የፒያሳው ወንድሜ፣ እሱም ይበቃኛል። ኮች፣ ስለ ሜዳው ያልከውን መጀመሪያ ላይ አደርገዋለሁ፤ ስለ ዕረፍቱ ቀን ደግሞ የአንተንም የእኔንም ጽፌ ወላጆች እንዲመርጡ አደርጋለሁ። ረቂቁን ሳዘጋጅ እዚሁ አመጣዋለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል።