ኩላሊቷ ለደከመ እናቴ በትንሽ ብር ምን ላብስል?

እህታችሁ ከሐዋሳ፦ ሰላም ወገኖች። እናቴ ስኳር ነበረባት፤ አሁን ኩላሊቷም ደክሟል ተባለ። እጥበት አልጀመረችም። ፖታሲየሟ (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀም ማዕድን) ከፍ ስላለ ሐኪሙ ጨው ቀንሱ፣ ሙዝ፣ አቮካዶና ድንች ተጠንቀቁ ብሎናል። እኛ ቤት ደግሞ ሽሮ፣ ድንችና ጎመን ነው የሚበላው። የወር መጨረሻ ሲደርስ «አልራበኝም» እያለች እራት ትዘላለች። በናታችሁ ምን ላብስልላት?

ነርሷ፦ እኔን ያስደነገጠኝ የእራቱ ነገር ነው። ለስኳሯ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ኪኒን ትወስዳለች? ኩላሊት ሲደክም እነዚህ መድኃኒቶች ሰውነት ውስጥ ይቆያሉ። በባዶ ሆድ ካደረች ስኳሯ ሌሊት ሊወርድ ይችላል። ዛሬ ነገ ሳትይ ለሐኪሟ ንገሪ። ቤት ምግብ እንደሚያልቅም አትደብቂ፤ መድኃኒቱ የሚታዘዘው በምትበላው ልክ ነው።

አባቴን አስታማሚ፦ ድንቹን ልጠሽ በቀጭኑ ክተፊ፣ በብዙ ውሃ ቀቅይ፣ ውሃውን ድፊው። ከዚያ ወጥ ውስጥ ትጨምሪዋለሽ። ጎመኑንም እንዲሁ። መዘፍዘፍ ብቻውን ፖታሲየሙን ያን ያህል አያወጣም። ጥቅል ጎመን ካገኘሽ ደግሞ ይሻላል። ሩዝና ማኮሮኒም ከድንች ያነሰ ፖታሲየም አላቸው፤ ስኳር ስላለባት ግን በልኩ።

ጎረቤት፦ ሽሮ ለኩላሊት መርዝ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጭራሽ አታብያት።

ነርሷ፦ ኧረ ተው ጎረቤት! ሽሮ ከከለከልናት ምን ልትበላ ነው? ፎስፈረስ (የደከመ ኩላሊት በደንብ የማያስወግደው ሌላ ማዕድን) አለው፣ እውነት ነው፤ ግን ከጥራጥሬ የሚገኘውን ሰውነት የሚወስደው በከፊል ብቻ ነው። ኮላ ውስጥ ያለው ይብሳል። ሽሮውን ቀጠን አድርጊው፣ መጠኑንም ሐኪሟ ይንገርሽ። ጣጣው ጨው ነው። ብዙ ጊዜ ሽሮውም በርበሬውም ከነጨው ይፈጫል፣ እኛ ደግሞ ድስቱ ላይ እንደግመዋለን። በቀን ከሁሉም ተደምሮ ከ5 ግራም በታች ይሁን፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ ጣዕሙን ይክሱታል። «ለደም ግፊት ተስማሚ» የሚባል ጨው ግን እንዳትገዢ፤ ብዙው ፖታሲየም ነው።

የሐይቁ ልጅ፦ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ብቅ ካልሽ ትንሽ ዓሣ ግዢላት፣ ያለ ጨው ቀቅይው። ሾርባውን ግን ለራስሽ፤ ፖታሲየሙ እዚያ ይወጣል። ዓሣ ከተወደደ እንቁላል አለ።

እህታችሁ ከሐዋሳ፦ ተባረኩ! የምትወስደው ግሊቤንክላማይድ ነው። ነገ ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ።

ነርሷ፦ የደም ምርመራውን ወረቀትና የመድኃኒቱን ፓኬት ያዢ። ዛሬ ማታ ግን ሳትበላ እንዳትተኛ።