የእድራችን የጎልማሶች ትምህርት ዕቅድ፦ ረቂቅ 3 ላይ አስተያየት

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 3 ይኸው። የተፈቀደው 60,000 ብር ነው፤ ጠቅላላ ጉባኤው ከዚያ በላይ አይነካም ብሏል። 40 ተማሪ፣ 2 ክፍል፣ በሳምንት 3 ቀን ከ11 እስከ 1 ሰዓት፣ ለ8 ወር። ለአንድ አመቻች (የጎልማሶች አስተማሪ) በወር 3,000፤ ሁለቱ 48,000 ይወስዳሉ። ለዕቃ 12,000 ይቀራል። ዓላማው ያው ነው፦ እናቶች የልጃቸውን ኮሙኒኬሽን ቡክ አንብበው እንዲፈርሙ፣ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ እንዲለዩ፣ የቴሌብር መልእክት ላይ ያለውን ብር ራሳቸው እንዲያነቡ። ሰኞ ወረዳ ይገባል።

ገንዘብ ያዥ፦ 11 ሰዓት አይሆንም። የጉሊቶቹ ገበያ የሚደራው በዚያው ሰዓት ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚገዛው ሰው ከሥራ ሲመለስ ነው። አምና ክፍሉን የበተነውም ይኸው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ይግባ፣ ሌሎቹን ሁለት ቀን ራሳቸው ይምረጡ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የአዳራሹ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ የአመቻች ድምፅ አይሰማም፤ መስከረም ላይ ጀምረን ሚያዝያ ላይ እንጨርስ።

የሴቶች ተወካይ፦ የልጆች ማቆያ የለበትም። ምንጣፍና አንድ ጠባቂ ከሌለ የምታጠባዋ አትመጣም። የንባብ መነጽርም ጨምሩ። ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ «አእምሮዬ አልቀበል አለ» ብለው የሚቀሩት ብዙዎቹ ፊደሉ ከቅርብ ስለማይታያቸው ነው። ጉልበቱ ከ+1.00 እስከ +2.50 የሆነ 12 መነጽር ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ ቤት ከተወሰደ አይመለስም። ከርቀት የማይታያቸው ካሉ ጤና ጣቢያ ይላኩ፣ በዚህ መነጽር አይረዱም።

አመቻች፦ መነጽሩን እደግፋለሁ። ስለ ፊደል ገበታው፦ ከ«ሀ» አልጀምርም። ለ፣ መ፣ በ፣ ተ ብቻ ሲታወቁ ላም፣ ሎሚ፣ ቤት፣ ልብ፣ በላ ይነበባሉ፤ ጎልማሳ በመጀመሪያው ሳምንት ቃል ካላነበበ ሁለተኛውን አይመጣም። ካዕብ (ሉ)፣ ሳልስ (ሊ) እና ኃምስ (ሌ) በአብዛኛው ምልክታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ቶሎ ይያዛሉ። ጊዜ የሚበላው ሳድስ (ል) እና ሳብዕ (ሎ) ነው፣ እዚያ ላይ ሰዓት ያስፈልገኛል። ስለዚህ ድምፃቸው ከሌላ ፊደል ጋር አንድ የሆነው ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ከመጀመሪያው ገበታ ይውጡ። 33ቱ ቤት፣ ማለት ባለ 7 ፊደል ረድፍ፣ 231 ፊደል ነው፤ 5ቱ ሲወጡ 196 ይሆናል። በቀን አንድ ቤት ብንሄድ የሁለት ሳምንት ያህል ክፍል ተረፈ ማለት ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ፊደል አይቀነስም። ሠረቀ ማለት ወጣ፣ በራ ነው፤ ሰረቀ ሌላ ነው። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ በምን ሊነበቡ ነው? የቀጠሮ ካርድ ላይ ወሩን ካላወቀች ዓላማችሁ ገና ከጅምሩ ወደቀ።

አመቻች፦ ጋሼ፣ አይነበቡ አላልኩም። በ5ኛው ወር ከነወሮቹ ስም ይግቡ ነው የምለው። ሲያነቡ ሁሉንም ይወቁ፣ ሲጽፉ ግን «ሀምሌ» ያለችውን አላርማትም።

ጡረተኛው መምህር፦ ባለመታረም ነው መታወቂያ ላይ «ኃይሉ»፣ ባንክ ላይ «ሀይሉ» ተብሎ ሰው የሚጉላላው። ስማቸውን መጀመሪያ ይጻፉ፣ በስማቸው ውስጥ ያለው ፊደልም ይቅደም።

ዲዛይን የሚሠራው፦ ኀ ከወጣ ኸስ? ደግሞ ቨ ረቂቁ ላይ የለም። ልጃቸው ዓረብ አገር ያለች እናት በየቀኑ የምትሰማው ቃል «ቪዛ» ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ኸ የራሱ ድምፅ አለው። ቨ ይጨመር ካላችሁ ሐ አይወጣም።

ገንዘብ ያዥ፦ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ሐ ብቻ! 40 ወንበር ከየት ይመጣል? የድንኳኑ ወንበር ለቅሶ በወጣ ቁጥር ይሄዳል።

አመቻች፦ ክፍሉን የማስተምረው እኔ ነኝ። ቅደም ተከተሉን ኮሚቴ ከወሰነልኝ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ጡረተኛው መምህር፦ እድሩ ስሙን በጎደለ ገበታ ላይ ካሰፈረ የእኔን ስም ከኮሚቴው ሰርዙ።

የእድሩ ዳኛ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ገበታው ሙሉ ይሁን፣ 5ቱ ቤት በፈዘዘ ቀለም ይታተሙ። የሚጀመርበትን ቦታ አመቻቿ ትምረጥ።

ጡረተኛው መምህር፦ ይሁን፣ ተቆጥቼ ነበር። ግን አንድ ነገር ያዙ። በ1971 ሐምሌ የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋ ድረስ አስተምሯል፤ ከዚያ በኋላ የሚነበብ ነገር እጁ ላይ ያልነበረው ብዙ ሰው መልሶ ረሳው። ለ8 ወሩ ማብቂያ በትልቅ ፊደል የተጻፈ ቀላል ንባብ በጀት ይያዝለት።

ዲዛይን የሚሠራው፦ ማተሚያ ቤት ጠየቅኩ። በሁለት ቀለም ለ2 ገበታ ብቻ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) አይሠራም፣ ቢሠራም አያዋጣም። 500 ብናሳትም የአንዱ ዋጋ በጣም ይወርዳል። የተረፈውን አባላት ለልጆቻቸው ይግዙት።

ገንዘብ ያዥ፦ 500 ከታተመ 12,000ው አለቀ። መነጽሩስ? ደብተሩስ?

የእድሩ ዳኛ፦ ከሽያጩ ይመለሳል። የእድሩ ስምና የተመሠረተበት ዓመት ከላይ ይጻፍ።

የሴቶች ተወካይ፦ ቤት ለቤት እመዘግባለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? ከማክሰኞ ጀምሮ መልስ የለም። መዝገቡም እሱ ጋ ነው።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 4፦ (1) የፊደል ገበታ 500፣ ባለ ሁለት ቀለም፣ ከነ ቨ። (2) አመቻች አንድ፣ ክፍል አንድ፣ ተማሪ 20። (3) ከሁለተኛው አመቻች የተረፈው 24,000 ለወንበር፤ ወንበሩ ለለቅሶም ያገለግላል። (4) መነጽር፣ የልጆች ማቆያና ንባብ ከገበታው ሽያጭ በኋላ።

የሴቶች ተወካይ፦ በ4ኛው አልስማማም። መነጽር ከሌለ ለ20ውም ገበታ መስቀል ከንቱ ነው። ቢያንስ 6 መነጽር ከወንበሩ ላይ ይቀነስ።

ገንዘብ ያዥ፦ የወንበሩ ብር ከ24,000 በታች ከሆነ ግን ወንበሩ ለለቅሶ አይበቃም።

አመቻች፦ ከመታተሙ በፊት ሙከራውን አሳዩኝ። በላኩት ናሙና ላይ የ«ቀ» ሳብዕ «ቆ» ክቧ ጠፍታለች፣ ከሩቅ «ቀ» ይመስላል። በ4 ሜትር ርቀት ካልተለየ ሙሉውም አይጠቅመኝም።

ጡረተኛው መምህር፦ «ዐ» እና «0» ደግሞ ይለዩ። ቁጥሩ ጎን ለጎን ከገባ ይምታታል።