ግጥም፣ ልብ ወለድና ተውኔት በአንድ ፈተና፦ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል፣ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ (ሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ፈተናዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። 3 ሰዓት ነው፤ ሦስት ጥያቄ አለው። አንደኛው ከዚህ በፊት ያላየነውን ግጥም መተንተን፣ ሁለተኛው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ስላለው ግጭት መጻፍ፣ ሦስተኛው ከተውኔት የተቀነጨበ ትዕይንት ማብራራት። ጭብጥ (ዋናው ሐሳብ)፣ መቼት (ጊዜና ቦታ)፣ ትልም (የክስተቶች የምክንያትና ውጤት ትስስር) የሚሉትን ከነፍቺያቸው ሸምድጃለሁ፤ የሙከራ ፈተናው ላይ ግን «ፍቺ እንጂ ትንተና የለም» ተብሎ ተጻፈብኝ። ግጥም ላይ ደግሞ ምጣኔውን (በየሐረጉ ያለውን የቀለም ብዛት) ስቆጥር ሁሌ ይበዛብኛል። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ አብረን የምናጠና አራት ልጆች ነን።

ከታቦር ሥር
እህቴ፣ የሚበዛብሽ ፊደል ስለምትቆጥሪ ነው። የሚቆጠረው ቀለም ነው፤ ቀለም ማለት አናባቢ ይዞ የሚነበብ ድምፅ ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ ይይዛል፣ አንዳንዴ ደርቆ ይቀራል፤ የደረቀው አይቆጠርም። ለመለማመጃ ብቻ የገጠምኩትን ይኼን ውሰጂ፦

ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ / ሞገዱን ስቆጥር
ጀልባው ተመለሰ / ይዞ የሌት ምሥጢር

የመጀመሪያው ሐረግ (እስከ «/» ድረስ ያለው) 9 ፊደል አለው። የ«ሐይቁ» «ይ»፣ የ«ዳር» «ር»፣ የ«ቁጭ» «ጭ» ደርቀዋል፤ ሦስቱ ሲወጡ 6 ቀለም ይቀራል። የ«ብዬ» «ብ» ሳድስ ቢሆንም አናባቢ ስላለው ይቆጠራል። ሳድስ ሁሉ ይዘለላል ብሎ የተማረ ሰው እዚህ ላይ 5 ብሎ ይስታል። መጥበቅም ቀለም አይጨምርም፤ የ«ስቆጥር» «ጥ» ይጠብቃል፣ የሚቆጠረው ግን አንድ ጊዜ ነው። የቀሩትን ሦስት ሐረጎች ራስሽ ቁጠሪ፤ ሁሉም 6 ካልመጡ የሆነ ቦታ ደረቅ ሳድስ ቆጥረሻል ወይም ሕያው ሳድስ ዘለሻል።

እንዲህ ስንኙ በሁለት ሐረግ 6 በ6 የሆነው ወል ቤት ይባላል። 5 በ5 ሰንጎ መገን፣ 4 በ4 ቡሄ በሉ፣ 8 በ8 በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የሚጠራው የፀጋዬ ቤት ነው። ስትቆጥሪ በዓይንሽ አትመኚ፤ ድምፅ አውጥተሽ እያነበብሽ በጣትሽ ጠረጴዛ ምቺ።

ስንኝ ወዳድ
ቆጠራው ትክክል ነው፤ ነጥቡ የሚገኘው ግን ከዚያ በኋላ ነው። «ግጥሙ በወል ቤት የተጻፈ ሲሆን ሰውኛ ዘይቤ ይገኝበታል» ብሎ ማቆም፣ ያ ነው «ፍቺ እንጂ ትንተና የለም» የሚያሰኘው። ሰውኛ ማለት ሰው ያልሆነውን እንደ ሰው ማድረግ ነው፤ በዚሁ በጀልባው ስንኝ ላሳይሽ፦ «ጀልባው ምሥጢር ይዞ መመለሱ ሰውኛ ነው። ተናጋሪው ሞገድ ከመቁጠር ሌላ የሚያደርገው የለም፤ ሌሊቱን ሐይቁ ላይ የሆነውን የሚያውቀው ጀልባው ነው፣ ጀልባው ደግሞ አይናገርም። ስለዚህ ዘይቤው የተናጋሪውን አለማወቅ ያጎላል።» ዘይቤውን ጥሪ፣ ቃሉን ከግጥሙ ጥቀሺ፣ ምን እንደሠራ ተናገሪ። ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ ዋጋ የላቸውም።

ደግሞ «ገጣሚው አዝኗል» አትበዪ። በግጥሙ ውስጥ የሚናገረው ተናጋሪው ነው፤ ገጣሚው ሌላ ሰው ነው።

መቼት
ወደ ልብ ወለዱ ልምጣ። ብዙ ተማሪ የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ታሪኩ ከሚጀምርበት ከማንኩሳ አንሥቶ እስከ መጨረሻው ይተርክና ሰዓት ያልቅበታል። ፈታኙ ታሪኩን ያውቀዋል። ስለ ግጭት ከተጠየቅሽ ሁለት ግጭት ምረጪና ከሥራቸው ቆፍሪ። አንዱ ውስጣዊ ይሁን፦ በዛብህ ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ወላጆቹ በተሳሉት ስለት የታሰረ ነው፣ ልቡ ደግሞ ሰብለ ወንጌል ዘንድ ነው። ሌላው ውጫዊ፦ ፊታውራሪ መሸሻና ባላገሩ። ከዚያ ሁለቱን አገናኚያቸው፤ ሁለቱም ቦታ ሰውን የሚያስረው ወግና ሥርዓት ነው፣ ይህንን ሥርዓት በግልጽ የሚተቸው ጉዱ ካሣ ነው። ይህ ማገናኛ ነው መልስሽን ከሌላው ወረቀት የሚለየው።

ታሪክና ትልምንም እዚሁ ላይ መለየት ይቻላል። ታሪክ «ምን ሆነ» ነው፤ ትልም «በምን ምክንያት» ነው። ስለቱን ከመጽሐፉ አውጥተሽ አስቢው፤ ፍቅሩ ይኖራል፣ የበዛብህ የኅሊና ጭንቅ ግን ይጠፋል። አንዱ ክስተት ሌላውን ካልወለደ ትልም የለም።

ጠያቂ (ሐዋሳ)
እግዜር ይስጥልኝ። አራቱንም ቆጥሬ 6 መጡልኝ! «ምሥጢር» ላይ «ሥ»ን ቆጥሬ ነበር የተሳሳትኩት። ተውኔቱስ?

ከመጋረጃው ጀርባ
ተውኔት ላይ ትልቁ ስሕተት እንደ ልብ ወለድ ማንበብ ነው። «ደራሲው እንዲህ ብሎ ይተርካል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከጻፍሽ ነጥብ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ ተራኪ የለም፣ ያለው ቃለ ተውኔት (ገፀ ባሕርያቱ የሚናገሩት) እና የመድረክ መግለጫ (በቅንፍ የሚጻፈው ድርጊት) ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ደግሞ ወርቅ አገኘሽ ማለት ነው። ለምሳሌ፦

ልጅ፦ (የጫማውን ክር እያሰረ) አልሄድም አልኩሽ እኮ፣ እማዬ።

አፉ «አልሄድም» ይላል፣ እጁ እየሄደ ነው። መግለጫውን የዘለለ አንባቢ ልጁን በእውነት የማይሄድ አድርጎ ይተነትነዋል።

አራት መሆናችሁ ለዚህ ጠቀማችሁ። ሦስታችሁ ገፀ ባሕርያቱን ተካፍላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ አራተኛው የመድረክ መግለጫውን ብቻ ያንብብ። በየትዕይንቱ መጨረሻ አቁማችሁ አራት ነገር ጻፉ፦ ማን ገባ ማን ወጣ፣ ምን ፈልጎ፣ ማን ከለከለው፣ መድረኩ ላይ ምን ዕቃ አለ። መነባንብ (ገፀ ባሕርዩ ብቻውን የሚናገረው) ካለ ለብቻው ምልክት አድርጉበት፤ ገፀ ባሕርዩ ለሌሎቹ የደበቀውን የሚያወጣው እዚያ ነው።

የፈተናው 180 ደቂቃ እንዲህ ይከፈል፦ 15 ጥያቄ ማንበቢያ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ 50፣ መጨረሻ ላይ 15 ማረሚያ። ግጥሙን መጀመሪያ ሥሪ፤ ድካም ሲመጣ ቀለም መቁጠር ይሳሳታል።