ነጭ ቦል ፓይተን ልገዛ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን ይወዛወዛል

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ቦል ፓይተን የሚባሉ ሦስት እባቦች አሉኝ፤ ሁለቱ ተራ መልክ ያላቸው ሴቶች ናቸው፣ አንዱ ባናና የሚባለው ቢጫ መልክ ያለው። አሁን ስመኘው የኖርኩትን ፓይድ አገኘሁ። ለማታውቁት፣ ፓይድ ማለት ልክ እንደ አገራችን ቡሬ ከብት ነው፤ አንዱ ጋ ቡናማ፣ ሌላው ጋ ፍጹም ነጭ። ይሄኛው ግን ከአንገቱ በታች ነጠብጣብ እንኳ የለውም፣ ቀለሙ ጭንቅላቱ ላይ ብቻ ነው። በጣም ነው የሚያምረው። ሻጩ «ስፓይደር ፓይድ» ነው አለኝ። እጄ ላይ ሳደርገው ጭንቅላቱ ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል። «ፈርቶ ነው፣ ሲለምድህ ይተዋል» አለኝ። እውነት ይተዋል? ካመጣሁትስ ከሌሎቹ ጋር አንድ ክፍል ባስቀምጠው ችግር አለው? በኋላ ከአንዷ ተራ ሴት ጋር ላራባው አስቤያለሁ።

መልስ (ከዳላስ)
ወንድሜ፣ አይተወውም። ፍርሃት አይደለም፣ አብሮት የተወለደ ነው። ስፓይደር የሚባለው ጂን መልኩንም ሚዛን ማጣቱንም አንድ ላይ ነው የሚያመጣው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት የእነዚህ እባቦች የውስጥ ጆሮ የተበላሸ ቅርጽ እንዳለው አሳይቷል፤ ሚዛን የሚጠበቀው ደግሞ እዚያ ነው። አንዱ ላይ በርትቶ ይታያል፣ ሌላው ላይ እምብዛም አያስታውቅም፣ ግን ስፓይደር ሆኖ ከችግሩ ነጻ ነው ብሎ የሚሸጥልህን አትመን።

እኔ አንድ ስድስት ዓመት አኑሬያለሁ። አይጡን ሊይዝ ሲወረወር ይስትና የሳጥኑን ግድግዳ ይመታል። ሲደነግጥ አንገቱ ይጠማዘዝና አገጩ ወደ ጣሪያ ይዞራል፣ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ የጠፋበት ይመስላል። ይበላ ነበር፣ አድጎልኛልም። ግን እሱን እያየሁ ሌላ ስፓይደር መግዛት አልቻልኩም። ሻጩን ሲበላ የሚያሳይ ቪዲዮ ጠይቀው፣ ሁሉም ነገር እዚያ ይታይሃል።

መልስ (ከፍራንክፈርት)
አንድ ክፍል? በፍጹም እንዳታደርገው። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ አዲሷን ከአሮጌዎቹ አጠገብ አስቀመጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት የውሃ ሳህኗ ውስጥ ጥቁር ጤፍ የመሰለ ነገር ሰምጦ አየሁ። ቅንቅን ነበር። አምስቱንም እባቦች ስታከም፣ ሳጥን ስቀቅልና ሳጥብ ወራት ፈጀብኝ።

90 ቀን ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ወለሉ ላይ ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት አንጥፍለት፣ ቅንቅኑም ሰገራውም ወዲያው ይታያል። መቆንጠጫው ለብቻ፣ የውሃ ሳህኑ ለብቻ። መጀመሪያ የድሮዎቹን ጨርስ፣ አዲሱን መጨረሻ፣ ከዚያ እጅህን በሳሙና። ሐኪም ጋ ወስደህ ከአፉ ናሙና ይወሰድና የኒዶቫይረስ (የእባብን መተንፈሻ የሚያጠቃ ቫይረስ) ምርመራ ይሠራለት፤ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይዞት ሊመጣ ይችላልና። አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ ወይም ልጋግ ካየህ ቀን አትቁጠር፣ ያን ቀኑኑ ውሰደው።

መልስ (ከሲያትል)
ስለ ማራባቱ እኔ ልጨምር። የፓይድ መልክ የሚወጣው ጂኑ ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ነው። ሴቷ ተራ ከሆነች አንድም ፓይድ አይወጣልህም፤ ሁሉም ጂኑን ደብቀው ይወለዳሉ። ስፓይደሩ ግን አንድ ወላጅ ይበቃዋል። ከሚፈለፈሉት በአማካይ ግማሹ ስፓይደር ይሆናል፣ ከነመወዛወዙ። ማለትም የወደድከውን ሳታገኝ ችግሩን ብቻ ታበዛለህ። ሴቷም 1500 ግራም ሳትሞላ አትቸኩል።

እንደገና (ጠያቂው)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቪዲዮው መጣልኝ። አይጡን ሁለቴ ሳተው፣ በሦስተኛው በወገቡ ያዘው፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ማቅናት አቅቶት ትንሽ ተንከባለለ። አንጀቴን በላው። ተውኩት። ስፓይደር የሌለበት ፓይድ ሌላ ሰው ጋ አግኝቻለሁ፣ ወገቡ ላይ ሁለት ቡናማ መቀነት ያለው። ቅዳሜ ይመጣል። እንደደረሰ ልመግበው?

መልስ (ከፍራንክፈርት)
እንኳን ደስ አለህ! አይ፣ አንድ ሳምንት ተወው። አትንካው፣ አታንሳው፣ ውሃ ብቻ ቀይርለት። ሁለት መደበቂያ፣ አንዱ ሞቃቱ ጋ፣ አንዱ ቀዝቃዛው ጋ። ከዚያ በፊት ይበላው የነበረውን ጠይቅና ያንኑ ስጠው፤ በረዶ የሆነ አይጥ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ አሙቀህ። እምቢ ካለ በማግስቱ አትሞክር፣ ሌላ ሳምንት ጠብቅ።

ጠያቂው
እሺ እህቴ። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ተዘጋጅቷል። ሞቃቱ ጎን 32 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 26፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ላይ ከትናንት ጀምሮ ቆሟል።