ነርቨስ፣ ዎሪድ፣ አንክሸስ፦ ሁሉም «ተጨነቅሁ» ናቸው?

ሦስቱንም የእንግሊዝኛ ቃላት (nervous, worried, anxious) «ተጨነቅሁ» ብሎ መተርጎም ይቀላል። ብዙ ጊዜም ያስኬዳል። ግን አንድ አይደሉም።

ነርቨስ ሰውነት ላይ ይታያል። በር ላይ ተቀምጠህ ለቃለ መጠይቅ እስክትጠራ ትጠብቃለህ። መዳፍህ ያልበዋል፣ ልብህ ድው ድው ይላል፣ እስክሪብቶህን ትከፍታለህ፣ ትዘጋለህ። ገብተህ ማውራት ስትጀምር አብዛኛውን ጊዜ ይለቅሃል። እኔ ይሄንን «ፍርሃት ፍርሃት አለኝ» ብለው እመርጣለሁ።

ዎሪድ ግን አእምሮ ውስጥ የሚመላለስ ነው። የምትጠብቀው ሰው አርፍዷል፣ ስልኩም አይነሳም። እጅህ ላይንቀጠቀጥ ይችላል፤ ቀልብህ ግን አያርፍም። አማርኛችን «ሐሳብ ገባኝ» ይላል። ከዚህ የተሻለ አቻ አላውቅም። የዎሪድ ቅርብ ዘመድ የሆነው ኮንሰርንድ (concerned) ደግሞ ለዘብ ያለና ለመግለጫ የሚመች ነው፤ «ያሳስበናል» ይበቃዋል።

አንክሸስ ከሁሉም ይከብዳል። ቶሎ አይለቅም፣ አንዳንዴ ምክንያቱም በውል አይታወቅም። የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ ማነቅ፣ ማጥበቅ ከሚል ግሥ የመጣ። ዎሪ የሚለውም በጥንታዊው እንግሊዝኛ ማነቅ ነበር። እኛስ? «ጭንቅ ጥብብ አለኝ» እንል የለ! ይሄን ሳስተውል በጣም ነው የገረመኝ። በሦስቱም ቋንቋ ሰው ሲጨነቅ የሚሰማው ያው መታነቅ፣ ያው መጥበብ ነው።

አሁን ወደ ወጥመዱ። አንድ ጊዜ ደብዳቤ ስተረጉም «አንክሸስ ቱ ሚት ዩ» (anxious to meet you) የሚል ገጠመኝ። «እርስዎን ለማግኘት ተጨንቀናል» ብዬ ጻፍኩ። ተቀባዩ ምን አጠፋሁ ብሎ ደነገጠ። ሰዎቹ ለካ «ለመገናኘት ጓጉተናል» ማለታቸው ነው! ከቃሉ ቀጥሎ «አባውት» (about) ከመጣ ጭንቀት ነው፤ «ቱ» (to) እና ግሥ ከመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉጉት ነው። ይሄን አጠቃቀም ስህተት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫም መጠንቀቅ ነው። «ምን እንደምመልስለት ጨነቀኝ» ያለን ሰው አንክሸስ ብላችሁ አትተርጉሙት። የሚለው ጠፍቶት ነው እንጂ ሌላ አልሆነም።