ንብ በአደይ አበባ ላይ፦ ያለ ትራይፖድ፣ በማክሮና በፍላሽ

እህተ_መስከረም
ሰላም ለዚህ ቤት። አደይ አበባ ላይ የሚያርፉ ንቦችን በቅርበት ማንሳት እፈልጋለሁ። ያለኝ ክሮፕ ሴንሰር (አነስ ያለ የምስል መቀበያ ያለው) ካነን ካሜራ፣ 55–250 ሚ.ሜ ዙም ሌንስ፣ ከፊቱ የሚለጠፍ ሬይኖክስ 250 የሚባል ማጉያ እና ዮንግኖ 560 ፍላሽ ነው። ፍላሹ ካሜራው አናት ላይ እንደተሰካ ነው የምጠቀመው፤ ትራይፖድ የለኝም። ልኬቴ፦ ኤፍ 11 (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል)፣ ሻተር 1/200 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 100፣ ፍላሹ ከሙሉ ኃይሉ 1/4 ላይ።

ችግሮቼ፦ አብዛኛው ፎቶ ፎከስ የለውም። የንቧ ጀርባና ዓይን ላይ የሚያበራ ነጭ ነጥብ ይወጣል፣ ከሥሯ ያለው ግን ጥላ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳይደርስ ሳነሳ ደግሞ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል። ክብ የኤልኢዲ ቀለበት ልግዛ ወይስ በዚሁ ይስተካከላል?

ካርቶን_ፈላጊ
እህቴ፣ ቀለበቱን ተዪው። ብርሃኑ ለኤፍ 11 አይበቃም፣ ንቧን ቀጥ የሚያደርግ አጭር ብልጭታም የለውም። በዚያ ላይ ዓይኗ ላይ ክብ ያትምብሻል። ገንዘቡን ለጥሩ ቻርጅ የሚደረግ የባትሪ ድንጋይ አውዪው።

ነጩ ነጥብና ጥላው ምንጫቸው አንድ ነው። የፍላሹ ፊት ትንሽ ነው፤ ንቧ ደግሞ ከሬይኖክሱ 12 ሳ.ሜ ገደማ ላይ ስላለች ሌንሱ ራሱ ብርሃኑን ይጋርድባታል። ፍላሹ ራስ ላይ ልክክ ብላ የምትገጠመው ነጭ ፕላስቲክ የብርሃኑን ስፋት ስለማትጨምር እዚህ ላይ ከንቱ ናት። የሚያስፈልግሽ ሰፊ ሆኖ ንቧ አጠገብ የሚደርስ ዲፊውዘር (ብርሃን በትኖ የሚያለሰልስ መሸፈኛ) ነው።

ከካርቶን ይሠራል። ጠባቡ አፍ የፍላሹን ራስ እንዲያቅፍ፣ ሰፊው አፍ 20 በ15 ሳ.ሜ እንዲሆን አድርገሽ እንደ ቀንድ እጠፊው። ውስጡን በአሉሚኒየም ፎይል ልበጪ። ሰፊው አፍ ከሬይኖክሱ ጫፍ ትንሽ ብቻ ቀድሞ ወደ ታች ያዘንብል፤ ከ3 ሳ.ሜ በላይ ካለፈ ቅጠል እየነካ ንቧን ያስነሳብሻል። አፉን አርክቴክቶች በሚስሉበት ትሬሲንግ ወረቀት ሸፍኚ፤ ከሱ 4 ሳ.ሜ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሁለተኛ ወረቀት ይኑር። አንድ ወረቀት ብቻ ከሆነ መሐሉ ከዳሩ በጣም ይደምቅና ያው ነጭ ነጥብ ተመልሶ ይመጣል። ነጭ ጨርቅም ይሆናል፣ በእርጅና የወየበ ከሆነ ግን ፎቶውን ቢጫ ያደርገዋል። የፍላሹን ዙም 24 ላይ አድርጊው፤ ብርሃኑ ወረቀቱን በሙሉ የሚሞላው ያኔ ነው።

ንብ ከመፈለግሽ በፊት የብረት ማንኪያ ጀርባ አንሺ። ማንኪያው ላይ የሚታየው የብርሃን ቅርጽ ንቧ ዓይን ላይ የሚታየው ነው። ከዳር እስከ ዳር እኩል ነጭ ካልሆነ ወረቀቶቹን አራርቂያቸው።

ቀስ_በቀስ
ስለ ፎከሱ። ሌንሱን ከኤኤፍ (ራሱ ፎከስ ከሚያደርግበት) ወደ ኤምኤፍ (በእጅ ወደሚደረግበት) ቀይሪና ፎከሱን ሩቅ መጨረሻ ላይ ተዪው። የሌንሱን የፎከስ ቀለበት ከዚያ በኋላ አትንኪው፤ ፎከስ የምታደርጊው መላ ሰውነትሽን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ ነው።

መጠኑን በዙም ወስኚ። ሬይኖክስ 250 ስምንት ዳይኦፕተር (የማጉያ ጉልበት መለኪያ) ስለሆነ የትኩረት ርዝመቱ 125 ሚ.ሜ ነው። ስለዚህ ዙሙ 125 ላይ ሲሆን አንድ ለአንድ (ንቧ ሴንሰሩ ላይ በእውነተኛ መጠኗ) ታገኛለሽ፣ 250 ላይ ሁለት እጥፍ። አንድ ለአንድ ላይ ካሜራሽ የሚያየው 22 በ15 ሚ.ሜ ያህል ነው፤ ሠራተኛ ንብ ከ12 ሚ.ሜ ብዙም ስለማትርቅ ሙሉ ንቧን ከአበባው ጋር ለማስገባት 90 ገደማ ይበቃል። ጀማሪ ሁሉ 250 ላይ ይጀምርና ተስፋ ይቆርጣል። ማዕዘኖቹ ከጠቆሩ ዙሙን ትንሽ ጨምሪ።

አያያዙ ላይ ግራ እጅ ነው ሥራውን የሚሠራው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት የአበባውን ግንድ ዝቅ አድርገሽ ያዢ፣ ሌንሱን በዚያው እጅ አንጓ ላይ አሳርፊ። ነፋስ ሲመጣ አበባውም ሌንሱም አብረው ይወዛወዛሉ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ብዙም አይለወጥም። ክርንሽን ጉልበትሽ ላይ ወይም ደረትሽ ላይ አስደግፊ። አየር አውጥተሽ በዝግታ ወደ ፊት አዘንብዪ፤ ዓይኗ ሊጠራ ሲል፣ ከጠራ በኋላ ሳይሆን፣ ተጫኚ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመሽ አንሺ። ፍላሹ 1/16 ወይም 1/32 ላይ ከሆነ ለቀጣዩ ቶሎ ይደርሳል፤ 1/4 ላይ ግን ወደ ኋላ እየቀረ ጥቁር ፎቶ ይሰጥሻል።

ንቧን እያሳደድሽ አትዙሪ። አንድ ያልተነካ አበባ መርጠሽ ጠብቂ፣ ጥላሽም አይረፍባት። ብርዱ ሳይለቅ በማለዳ ከሄድሽ አበባ ላይ ያደሩት ደንዝዘው ታገኚያቸዋለሽ፤ ለመጀመሪያ ልምምድ ከዚያ የተሻለ የለም። ቀፎ ደጃፍ ላይ ግን በዚህ ርቀት እንዳትሞክሪ፤ ትንፋሽ ጠባቂዎቹን ያስቆጣል፣ የአገራችን ንብ ደግሞ ይቅር አይልም።

ኤፍ_ስንት
ኤፍ 11 ላይ መቆም ግዴታ አይደለም። «ከ11 በላይ ፎቶው ይደክማል» የሚባለው ለእውነተኛ ማክሮ (የቅርበት) ሌንስና ለኤክስቴንሽን ቲዩብ (ሌንሱን ከካሜራው ለሚያርቅ ባዶ ቱቦ) ነው። እነሱ አንድ ለአንድ ላይ ሲደርሱ ኤፍ 11 የተባለው በተግባር 22 ይሆናል፤ ሁለት ስቶፕ ብርሃንም ይበላሉ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ወይም እጥፍ ማድረግ ነው)። ሬይኖክስ ሌንሱን ስለማያርቀው 11 ያው 11 ነው። ዋጋው ሌላ ቦታ ነው፦ አንድ ለአንድ፣ ኤፍ 11 ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት 0.4 ሚ.ሜ ያህል ብቻ ነው፣ የማክሮ ሌንሱ እጥፉን ይሰጣል። ስለዚህ አንቺ ያለ ሐሳብ ኤፍ 16 መጠቀም ትችያለሽ። ካሜራውን ከንቧ ጎን ጋር ትይዩ ካደረግሽው ዓይኗም ክንፏም በአንድ ንጣፍ ላይ ይገባሉ።

ጨለማው የሚመጣው ከርቀት ነው። ዲፊውዘሩ ከንቧ 12 ሳ.ሜ ላይ ቢሆንና ከኋላ ያለው ቁጥቋጦ ከዲፊውዘሩ 1.2 ሜትር ቢርቅ፣ ቁጥቋጦው የሚያገኘው ብርሃን ከንቧ አንድ መቶኛ ነው። ቀላሉ መንገድ ከንቧ ጀርባ ከ5 እስከ 10 ሳ.ሜ ላይ ሌላ አደይ ወይም ቅጠል የሚገባበትን አቅጣጫ መምረጥ ነው። ካልሆነ አይኤስኦ 800፣ 1/100 አድርጊና የፍላሹን ኃይል ቀንሺ፤ የጠዋቱ ብርሃን ከኋላ ቀስ ብሎ ይገባል።

የአደይ ቢጫ አታላይ ነው። ተራው ሂስቶግራም (ካሜራው የሚያሳየው የብርሃን መጠን ግራፍ) ደህና ሲመስል ቀዩ ብቻ ሞልቶ ፈስሶ ይገኛል፣ ቅጠሎቹም ዝርዝር የሌለው ቢጫ ቀለም ይሆናሉ። የሦስቱን ቀለም ሂስቶግራም ክፈቺ፣ ቀዩ ከቀኝ ጠርዝ እስኪላቀቅ ፍላሹን አንድ ሦስተኛ ስቶፕ እያልሽ አውርጂ፣ ፎቶውንም በሮው (በጥሬ ፋይል) ያዢው።

እህተ_መስከረም
ተባረኩ። አንድ ብቻ፦ ቀትር ላይ ሲሆን ክንፏ ድርብ ሆኖ ይታያል፣ አንዱ የጠራ አንዱ የደበዘዘ። ፍላሹ እኮ በርቷል።

ኤፍ_ስንት
ሁለት ብርሃን ስላለ ነው። አይኤስኦ 100፣ 1/200፣ ኤፍ 11 ማለት በሬይኖክስ ለጠራ ፀሐይ ልክ የሆነ ልኬት ነው። ፀሐይዋ በ1/200 ውስጥ የክንፉን እንቅስቃሴ ሁሉ ትመዘግባለች፣ ፍላሹ ደግሞ በዚያው ላይ የጠራ ምስል ያትማል። ዝቅተኛ ኃይል ላይ ብልጭታው ከሰከንድ አንድ ሺኛ በእጅጉ ያጠረ ስለሆነ የጠራው የእሱ ነው። አይኤስኦ 100 ላይ ሆነሽ ወደ ኤፍ 16 ውጪ፣ የፍላሹን ኃይል በአንድ ስቶፕ ጨምሪ። ፀሐይዋ አሁንም ከበረታች በጃንጥላ አስጋርጂያት። ሻተሩን ከ1/200 አታሳልፊው፤ የፎቶው አንድ ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ይገባል፣ ዮንግኖ 560ም ለፈጣን ሻተር የሚሆን ሥርዓት የለውም።